ብርሃኑን የሚዘጋ ሣጥን

በአዲስ አበባ ብዙ ፀጉር ቤቶች ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጎን ወይም ከመደርደሪያው በላይ፣ ሰማያዊ የሚያበራ ትንሽ ሣጥን አለ። ማበጠሪያው፣ መቀሱ፣ የቶንዶሱ ጥርስ እዚያ ይቀመጣል። ደንበኛው ያን ብርሃን ሲያይ ልቡ ያርፋል፤ ፀጉር አስተካካዩም ዕቃውን ከዚያ ሲያወጣ ንጹሕ መሆኑን ሳይናገር ያስረዳል። ነገር ግን ዓይናችን የሚያየው ሰማያዊ ብርሃን ለብቻው ይህን ሥራ አይሠራም። ጀርሙን የሚያጠፋው አብሮት የሚወጣውና ማንም ሊያየው የማይችለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። እርሱም ቢሆን መቀስ በመቀስ ላይ፣ ማበጠሪያ በማበጠሪያ ላይ ተቆልሎ ካገኘ የላይኛውን ዕቃ የላይ ገጽ ብቻ ነክቶ ይቀራል።

የዛሬው ትውውቃችን ከዚህ ሣጥን ጋር ነው፤ በተለይም ቤት ውስጥ በእጅ ከሚሠራው ጋር። ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተነገረበት ሰሞን፣ በዓለም ዙሪያ መሐንዲሶች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችና እጃቸው ሥራ የለመደ ሰዎች ለስልክ፣ ለቁልፍና ለመነጽር እንዲህ ያለ ሣጥን ይሠሩ ነበር። በአሜሪካ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደግሞ እጥረት የገጠመውን የሐኪሞች የአፍና አፍንጫ ጭምብል በዚሁ ጨረር እያጸዳ መልሶ ይጠቀምበት ነበር፤ ለእነርሱ ሣጥኑ አንድ ሙሉ ክፍል ነበር። ወረርሽኙ ሲረግብ ወሬው ቀዘቀዘ እንጂ የሣጥኑ ጥቅም አልቀረም። ውኃ የማይነካው ዕቃ ዛሬም በየቤቱ አለ። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ በደንብ የተሠራ ሣጥን ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ በግዴለሽነት የተሠራው ግን ባይኖር ይሻላል፤ ሰው ይጎዳል፣ ያልጸዳውንም ዕቃ የጸዳ ያስመስላል።

መጀመሪያ ብርሃኑን እንወቀው። አልትራቫዮሌት የሚባለው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 ናኖሜትር በታች የሆነ ጨረር ሲሆን በሦስት ይከፈላል። ከ400 እስከ 315 ያለው ዩቪ-ኤ፣ ከ315 እስከ 280 ያለው ዩቪ-ቢ፣ ከ280 እስከ 100 ያለው ዩቪ-ሲ ይባላል። ፀሐይ ሦስቱንም ትልካለች፤ ዩቪ-ሲን ግን ኦዞኑና አየሩ ከላይ ስለሚያስቀሩት ምድር አይደርስም። እናቶቻችን ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ የሚሠሩት ዩቪ-ኤ፣ ዩቪ-ቢ፣ ሙቀቱና መድረቁ ተባብረው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ፀሐይዋ በዚህ ረገድ ብርቱ ናት፤ ሰዓታት ይፈጃል እንጂ ይሠራል። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው መብራት የሚያወጣው ግን ምድር ላይ ያለ ፍጥረት በተፈጥሮ የማያገኘውን ዩቪ-ሲን ነው። ኃይሉም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል።

ብርሃን ጀርምን እንደሚያጠፋ በሙከራ ያሳዩት እንግሊዛውያኑ አርተር ዳውንስና ቶማስ ብላንት ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1877 ነበር። ባክቴሪያ የሚራባበትን ፈሳሽ በመስታወት ቱቦዎች ሞሉ፣ ከፊሎቹን በስስ የእርሳስ ብረት ጠቀለሉ፣ ከዚያ ሁሉንም ፀሐይ ላይ አቆሙ። የተሸፈኑት ደፈረሱ፤ ፀሐይ ያገኛቸው እንደጠሩ ቆዩ። በ1901 አሜሪካዊው ፒተር ኩፐር ሂዊት የሜርኩሪ ትነት መብራቱን ለዓለም አስተዋወቀ። በ1903 ደግሞ ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን ቆዳ ላይ የሚወጣውን የቲቢ በሽታ ብርሃን አጠራቅሞ በማከሙ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ የፍሬድሪክ ጌትስ ሥራ ነው። ጌትስ በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ተቋም ተቀምጦ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ባክቴሪያን በተለያየ የሞገድ ርዝመት እያበራ ለመግደል ስንት ጨረር እንደሚበቃ አንድ በአንድ ለካ። ገዳይነቱ 260 ናኖሜትር አካባቢ ይበረታል፤ ከዚያ ወዲህም ወዲያም ሲሄዱ ይደክማል። መለኪያው የሣለው መስመር ፕሮቲን ብርሃንን ከሚመጥበት መስመር ጋር አልገጠመም፤ ኒውክሊክ አሲድ ከሚመጥበት ጋር ግን ገጠመ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የዘር ምሥጢር ፕሮቲን ውስጥ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ከኒውክሊክ አሲዶች አንዱ የሆነው ዲኤንኤ መሆኑን ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ በዚያው ተቋም ያሳዩት በ1944 ነው። ስለ ጀርም ገዳይ ብርሃን የተደረገው ያ ትዕግሥተኛ ልኬት ታላቁን ግኝት ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ጠቁሞ ነበር።

ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ ቱቦ የሚያወጣው ጨረር አብዛኛው 253.7 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ጌትስ ካገኘው ጫፍ ብዙ አይርቅም። ጨረሩ ወደ ሕዋሱ ዘልቆ ዲኤንኤውን ሲመታ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ታይሚን የሚባሉ ሁለት የሰንሰለቱ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ዲኤንኤውን የሚቀዳው የሕዋሱ መሣሪያ እዚያ ሲደርስ ይሰናከላል። ባክቴሪያው ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ መራባት ግን ያቅተዋል፤ ለማሳመም ደግሞ መራባት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አልበርት ኬልነር በ1949 እንዳሳየው፣ በጨረር የተጎዱ አንዳንድ ረቂቅ ተሕዋስያን ቀጥሎ የሚታይ ብርሃን ካገኙ ጉዳታቸውን ይጠግናሉ። ስለዚህ ለጥቂት ሰከንድ አብርቶ ማውጣት ዋጋ የለውም፤ ጀርሙ ሊጠግነው ከሚችለው በላይ መስጠት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ገበያ እንውጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሐምራዊ የሚያበሩ ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች «አልትራቫዮሌት» ተብለው ይሸጣሉ፤ ሞገዳቸው 395 ወይም 405 ናኖሜትር ከሆነ ለዚህ ሥራ አይጠቅሙም። ባንክና ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለይበት መብራትም ዩቪ-ኤ ነው፤ የብሩን ምልክት ያበራል እንጂ ብሩን አያጸዳም። ለሣጥኑ የሚሆነው ቱቦ ቅርጹ እንደ ፍሎረሰንት ሆኖ ውስጡ ነጩ ዱቄት ያልተቀባ ነው፤ ብርጭቆው ጥርት ያለ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ። እንዲያውም ፍሎረሰንት ራሱ ውስጡ ያው ጨረር አለ፤ ዱቄቱ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል፣ ተራው ብርጭቆ ደግሞ የቀረውን ይከለክላል። የጀርም ገዳዩ ቱቦ ብርጭቆ ግን ዩቪ-ሲን እንዲያሳልፍ ተለይቶ የተሠራ ነው። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ 253.7 ወይም 254 ናኖሜትር የሚል ቁጥር ይፈልጉ። ኦዞን የማያወጣውን ይምረጡ፤ አንዳንዱ ቱቦ 185 ናኖሜትር የሆነ ጨረርም ስለሚለቅ አየሩን ወደ ኦዞን ይለውጣል፤ ኦዞን ደግሞ ሳንባ ይቆጣል። ሱቅ ውስጥ አብርቶ በዓይን መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

ለቤት ሣጥን ሁለት ባለ 8 ዋት ቱቦዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ቁመታቸው 29 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ የሣጥኑ ውስጥ ርዝመት ከ35 እስከ 40 ሴንቲሜትር ቢሆን መያዣቸውን ጭምር ይችላል። በመካከል፣ ከሁለቱም ቱቦዎች 15 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ ቀጭን የሽቦ መደርደሪያ ይዘረጋል፤ ዕቃው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። አካሉ ከላሜራ ወይም ከኮምፔንሳቶ ሊሠራ ይችላል። ለቱቦው ኃይሉን የሚመጥነው ባላስት ከብርሃኑ ክፍል ውጭ፣ ለብቻው በተከለለ ቦታ ይታሰራል፤ ላሜራ ከሆነ አካሉ ራሱ ከመሬት መስመር ጋር መያያዝ ግዴታ ነው። የ220 ቮልት መስመር የማያውቅ ሰው ይህን ክፍል ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይስጥ። የተበላሸ ማይክሮዌቭ ቀፎ መጠቀም የሚያምራቸው አሉ፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከሶኬት ተነቅሎም ለሞት የሚያበቃ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ይህን ሐሳብ ባይሞክሩት እመርጣለሁ።

የውስጡ ግድግዳ በዩቪ-ሲ ፊት የሚያሳየው ጠባይ ለዓይናችን ከሚያሳየው የተለየ ነው። ነጭ ቀለም ብርሃን የሚመልስ ይመስለናል፤ አብዛኛው ነጭ ቀለም ግን ቲታንየም ኦክሳይድ ስላለበት ዩቪ-ሲን ውጦ ያስቀረዋል። የፊት መስታወትም ከኋላው ያለው ብር ሳይሆን ከፊቱ ያለው ብርጭቆ ይከለክለዋል። የማይዝገው ብረት፣ ምንም ቢያብረቀርቅ፣ የሚመልሰው ከሩብ ብዙም የማይበልጥ ነው። በደንብ የሚመልሰው አሉሚኒየም ነው፤ የወጥ ቤት ፎይል ሳይጨማደድ በማጣበቂያ ቢለጠፍ ግሩም ግድግዳ ይሆናል። ፎይል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ግን አይዘንጋ፤ ከሽቦና ከቱቦው ጫፎች ራቅ ብሎ ያልቅ።

ስንት ደቂቃ? የጨረር መጠን ማለት ብርታቱ በጊዜ ሲባዛ ነው፤ የሚለካውም በሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር ነው። ባለ 8 ዋት ቱቦ ከሚወስደው ኃይል ውስጥ ዩቪ-ሲ ሆኖ የሚወጣው 2 ዋት ገደማ ነው። ቱቦው አዲስና ንጹሕ ከሆነ፣ 15 ሴንቲሜትር ርቆ ፊት ለፊት የተቀመጠ ገጽ በየሰከንዱ 0.65 ሚሊጁል ያህል ይደርሰዋል። የመጠጥ ውኃ ማጣሪያዎች በብዛት የሚመሩበት 40 ሚሊጁል በዚህ ስሌት በአንድ ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ታዲያ ለምን አሥር ደቂቃ ይሁን እላለሁ? ጨረሩን በጎኑ የሚቀበለው የስልኩ ጠርዝ ፊት ለፊት ካለው ገጽ አሥር እጅ ያነሰ ሊያገኝ ይችላል፤ ቱቦው ሲያረጅ ይደክማል፤ ከተለኮሰ በኋላም ሙሉ ኃይሉ ላይ ለመድረስ ደቂቃዎች ይወስዳል። በአሥር ደቂቃ ፊት ለፊቱ 390፣ አሥር እጅ ያነሰ የሚደርሰው ጠርዝ 39 ሚሊጁል ያገኛል። ለብዙ ባክቴሪያና ለኮሮና ዓይነት ቫይረሶች ይህ ከበቂ በላይ ነው። አዴኖቫይረስ ግን ጠንካራ ነው፤ የሻጋታ ስፖርም እንዲሁ። ለነዚህ ጠርዙ የሚያገኘው አይበቃም።

ከደቂቃው በላይ የሚያሳስበው ጥላው ነው። ዩቪ-ሲ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወረቀት አያሳልፈውም፣ ጨርቅ አያሳልፈውም፣ ተራ ፕላስቲክና የመስኮት መስታወት አያሳልፉትም። የስልክ ማቀፊያ ካልወለቀ ከሥሩ ያለው እንዳለ ይቀራል። የቁልፍ ዘለላ ካልተበተነ የሚጸዳው የላይኛውና የታችኛው ብቻ ነው። የላብና የቅባት ንጣፍም ለጀርሙ ጥላ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው አስቀድሞ በደረቅ ወይም በአልኮል በረጠበ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ሐኪሞች ጭምብልን ለማጽዳት ከ1000 ሚሊጁል በላይ የጠየቁት ለዚህ ነው፤ ጨረሩ እስከ ውስጠኛው ሽፋን ሲደርስ ተመናምኖ ስለሚያልቅ። ቤት በተሠራ ሣጥን ጭምብልን አጽድቶ መልሶ መልበስ አይመከርም።

ወደ ሰው እንምጣ። ብየዳ ቤት የሠራ ሰው አርክ ዓይንን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ቀን ምንም አይሰማም፣ ሌሊት ግን ዓይን ውስጥ አሸዋ የተደፋ ያህል ያቃጥላል፣ እንባው አይቆምም። ዩቪ-ሲም የሚያደርሰው ያንኑ ነው፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ስለሚመጣ በጊዜው ማንም አይጠነቀቅም። ቆዳንም እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ያቀላል። ለ254 ናኖሜትር የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በስምንት ሰዓት ውስጥ 6 ሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር ነው። ክፍቱን ከበራ ቱቦ 15 ሴንቲሜትር ላይ ያለ እጅ ይህን የቀን ሙሉ ድርሻ አሥር ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሳል፤ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እንኳ አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይፈጅበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ ጊዜ እጅንና ቆዳን በዚህ መብራት አታጽዱ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2022 በእጅ እየተያዙ በዕቃ ላይ የሚዞሩ አንዳንድ መብራቶች አደገኛ መጠን ያለው ጨረር ይለቃሉ ብሎ አስጠንቅቋል። እኔም በሣጥን የማይዘጋ መብራት ለቤት አይሆንም እላለሁ።

ስለዚህ ክዳኑ ከመብራቱ እኩል ሐሳብ ይፈልጋል። ክዳኑ አካሉን ተርፎ የሚያቅፍ ከንፈር ይኑረው፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ስንጥቅ እንዳይኖር። ማያ መስኮት አያስፈልግም፤ መሥራቱን የሚያሳይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ከውጭ ይበቃል። ክዳኑ ሲከፈት መስመሩን የሚቆርጥ ማይክሮስዊች መግባት አለበት፤ እንዲያውም ሁለት፣ በተከታታይ ታስረው፣ አንዱ ቢጣበቅ ሌላው እንዲቆርጥ። የማቀዝቀዣ በር ማብሪያ ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ በሩ ሲከፈት የሚያበራ ነውና ሥራው ተቃራኒ ነው። በእጅ የሚጠመዘዝ ሰዓት ቆጣሪ ቢጨመርበት ደግሞ ማንም ረስቶት አይሄድም። ልጆች ባሉበት ቤት ቁልፍ ይኑረው።

ክዳኑ መግጠሙን የማረጋገጫው መንገድ ቀላል ነው። ቱቦዎቹ ገና ሳይገቡ፣ ማታ መብራት አጥፍቶ፣ በርቶ ያለ የስልክ ባትሪ መብራት ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ መዝጋት፤ ከዚያ ሣጥኑን ዞሮ ማየት። ነጭ ጭረት የታየበት ቦታ ሁሉ ነገ ዩቪ-ሲ የሚወጣበት ነው፤ በጥቁር ሲልኮን ወይም በላሜራ ቁራጭ ይደፈን። መብራቱን በየጥጉ እያዘዋወሩ መድገም ያስፈልጋል። ይህን ፈተና ያላለፈ ሣጥን ቱቦ ሊገባበት አይገባም።

ምን ይግባበት? ስልክ፣ ቁልፍ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት፣ የቶንዶስ ጥርስ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የሙቀት መለኪያ። ሳሙናና ውኃ የሚችለውን ዕቃ ግን ሳሙናና ውኃ ያጽዳው፤ ከማንኛውም ሣጥን ይበልጣል፣ ጥላም አያውቅም። የሕፃን ጡጦ ይቀቀል። ዩቪ-ሲ በተደጋጋሚ ያገኘው ፕላስቲክ ቢጫ ይሆናል፣ ጎማ ይሰነጣጠቃል፣ ቀለም ይደበዝዛል። የድሮ ፎቶግራፍ፣ የብራና መጽሐፍ፣ በቀለም የተሣለ ሥዕል ፈጽሞ አይግባ፤ የቅርስ ባለሙያዎች አልትራቫዮሌትን ከእነዚህ ለማራቅ ስንት ይደክማሉ።

ቱቦው እንክብካቤ ይፈልጋል። የጣት ቅባትና አቧራ ጨረሩን ስለሚያስቀሩ፣ ከሶኬት ተነቅሎ ሲቀዘቅዝ በአልኮል ይጠረግ። ብዙ አምራቾች ዕድሜውን 9000 ሰዓት ገደማ ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላም ሰማያዊው ብርሃን መታየቱን አያቆምም፣ የማይታየው ግን ቀንሷል፤ ስለዚህ የበራበትን ሰዓት የሣጥኑ ጀርባ ላይ መጻፍ ደግ ነው። ውስጡ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ። ከተሰበረ መስኮት ከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ለሩብ ሰዓት ያህል ከክፍሉ መውጣት፤ በመጥረጊያ መጥረግ ወይም በኤሌክትሪክ መጥረጊያ መሳብ ትነቱን ይበትነዋል። ስብርባሪው በወፍራም ወረቀት ተዝቆ፣ ደቃቁ በፕላስተር ተለቅሞ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይታሸግ።

ከሜርኩሪ ነፃ የሆኑ፣ ከ265 እስከ 280 ናኖሜትር የሚያወጡ ኤልኢዲዎችም ገበያ ላይ ወጥተዋል። ሲለኮሱ ወዲያው ሙሉ ኃይላቸው ላይ ይደርሳሉ፤ ቢወድቁ የሚበተን መርዝ የላቸውም። የያንዳንዳቸው ጉልበት ግን ገና አነስተኛ ነው፣ ዋጋቸውም ለአንድ ዋት ሲሰላ ከቱቦው ይበልጣል። ዛሬ በቱቦ የተሠራ ሣጥን ነገ ኤልኢዲ ሊገባበት ይችላል፤ ባላስቱ ተነሥቶ የራሳቸው የኃይል ምንጭ ይተካል፣ ርቀቱና ደቂቃው ከአምራቹ ወረቀት ላይ እንደገና ይሰላል፤ ፎይሉ፣ ሁለቱ ማይክሮስዊቾችና የክዳኑ ከንፈር ባሉበት ይቀጥላሉ።